ሐኪሙ «ፈሳሽ» ሲል፣ ቤቱ «አጥሚት» ሲሰማ

ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። ወዳጄ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን አክስቷ ቁና ቁና እየተነፈሱ ደረጃውን ወጡና ትልቁን ፔርሙዝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ክዳኑ ሲከፈት ቤቱን የአጃና የቅቤ መዓዛ ሞላው። ማርም ገብቶበታል። «ፈሳሽ ብቻ ነው የተባልሽው አይደል የኔ እናት? ይኸው ፈሳሽ።»

ወዳጄ እኔን አየች። እኔ ፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁ። «ለ14 ቀን ፈሳሽ ምግብ ብቻ» ይላል። እትዬ ምን አጠፉ? አጥሚት ፈሳሽ ነው። መዓዛው ደረጃውን ሞልቶት ኖሮ ከሰዓት በኋላ የታች ፎቋ ጎረቤት በሩን አንኳኩታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብላ ገባች።

ወዳጄ አልወለደችም። ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ኦፕራሲዮን አድርጋ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስታማሚ ነበርኩ። ስገባ የፈራሁት ረሃቡን ነበር። እሱ ከጠበቅኩት በላይ ቀላል ሆነ። ያስቸገረን በሐኪሙ «ፈሳሽ» እና በእኛ ቤት «ፈሳሽ» መካከል ያለው ርቀት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ኦፕራሲዮን እዚህ ከተማ የሩቅ ዘመድ ወሬ ነበር። አሁን ካዛንቺስ አንድ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ጆሮ ብትጥሉ፣ አንዷ ኢስታንቡል ተሠርታ መጥታለች፣ አንዱ ህንድ ሊሄድ ቪዛ እየጠበቀ ነው፣ ሌላዋ እዚሁ የግል ሆስፒታል ቀጠሮ ይዛለች። ስልካችን ላይ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ፎቶ ሞልቷል። በሁለቱ ፎቶ መሃል ያለው የፈሳሽ ጊዜ ግን ፎቶ የለውም። አያምርማ።

ለማን ነው የሚሠራው የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መስፈርት አሜሪካ ውስጥ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ክብደት ለቁመት ስኩዌር ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር፣ ማለትም ቢኤምአይ፣ 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ተጓዳኝ በሽታ ሲኖር ነበር። በ2022 የአሜሪካና የዓለም አቀፉ የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት መስፈርቱን ዝቅ አደረጉት። አሁን 35 ከሆነ ተጓዳኝ በሽታ ባይኖርም ይመከራል። ስኳርና መሰል በሽታ ካለ ከ30 ጀምሮም ይታሰባል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ለሆነ ሴት 35 ማለት 95 ኪሎ ገደማ ነው። ለሠርግ አምስት ኪሎ መቀነስ የፈለገ ሰው እዚህ ሰልፍ ውስጥ የለም።

ቁስሉ ውስጥ ነው

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ስሊቭ ይባላል። ጨጓራው በቁመቱ ይቆረጥና ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያም በላይ ተወስዶ ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። ሁለተኛው ባይፓስ ነው። ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትለይና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትቀጠላለች። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ በካሜራ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ነው የሚሠሩት።

ከውጭ ሲታይ አራት አምስት ፕላስተር ብቻ ነው። ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል። ጠያቂ ትልቅ ቁስል ስለማያይ «ድነሻል እኮ!» ይላል። በቄሳር የወለደች ሴት ብትሆን ማንም አይደፍራትም ነበር። የወዳጄ ቁስል ግን ውስጥ ነው። ከጨጓራው ላይ እስከ ታች በጥቃቅን ብረት የተሰፋ ረጅም መስመር አለ።

ፈሳሹ ለመክሳት የታዘዘ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አይደለም። መክሳቱን ኦፕራሲዮኑ ራሱ ይሠራዋል። ፈሳሹ የታዘዘው ስፌቱ እንዲያርፍ ነው። ጨጓራው አብጧል። ጠንከር ያለ ምግብ ከገባበት መተላለፊያ አጥቶ ይቀረቀራል። ከዚያ ትውከት አለ። ትውከት ማለት አዲሱን ስፌት ከውስጥ መወጠር ነው። ስፌቱ ከላላና የጨጓራው ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃ ከወጣ፣ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢሆን ነው። የሚደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሰውዬው ቤቱ ከገባ በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ማለትም ነርስ በሌለችበት፣ አክስት ባሉበት።

ይህን አንዴ ከያዛችሁ ሌሎቹ ሕጎች ሁሉ ከዚሁ ይወጣሉ። ጋዝ ያለበት መጠጥ ለምን አይቻልም? ስለሚወጥር። አምቦ ውሃ ለጨጓራ ጥሩ ነው ብላ ያደገች ከተማ ውስጥ ይህን ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በስትሮ መምጠጥስ? አየር ስለሚያስገባ። በአንድ ትንፋሽ ግጥም ማድረግስ? ቦታ ስለሌለ። ለራስ ምታት ከፋርማሲ በቃል የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንስ? ጨጓራን ስለሚያቆስሉ። ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። እትዬ እሱንም ይዘው መጥተው ነበር፣ በቦርሳቸው።

ረሃቡን ቀላል ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ረሃብን ለአእምሮ የሚነግረው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከጨጓራው የላይኛው ክፍል ነው። በስሊቭ ተቆርጦ የሚወጣው ደግሞ በተለይ ያ ክፍል ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆዱን አይርበውም። ወዳጄ በአምስተኛው ቀን «ሆዴ አልራበኝም፤ አፌ ነው የራበኝ» አለችኝ። ልክ ናት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከየበሩ ቁሌት ይወጣል። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ቀጥሎ ቅቤው። ሦስቱን በየተራ እየለየች ትነግረኝ ነበር። መስኮት ብንዘጋ በበሩ ይገባል።

በሲኒ መኖር

ሆስፒታል የሰጧት የመድኃኒት መለኪያ 30 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ላስቲክ ናት። ትእዛዙ በየሩብ ሰዓቱ አንድ መለኪያ ነው፤ እሱም በአንዴ ሳይሆን ፉት እየተባለ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። ከዚያ ሒሳቡን ሠራነው። በሰዓት አራት ጊዜ 120 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት 14 ሰዓት ነው። ጠቅላላው ወደ 1.7 ሊትር ይጠጋል። ሐኪሞች የሚፈልጉት ደግሞ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ነው። ስለዚህ ቀልድ አይደለም። አንድ ሰዓት ካለፈ ግን ያመለጠውን ለማካካስ ደርቦ መጠጣት አይቻልም። ቦታ የለማ። ከሰዓት በኋላ የተኛ ሰው ውሃው ያልፈዋል።

መለኪያዋ በሁለተኛው ቀን ጠፋች። ሲኒ አወጣን። የእኛ የቡና ሲኒ ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ግማሽ ሲኒ ማለት አንድ መለኪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕይወታችን በግማሽ ሲኒ ሆነ። ስልኳ በየሩብ ሰዓቱ ይጮኻል፤ እሷ ፉት ትላለች። ለዚህ ሥራ ከሲኒ የተሻለ ዕቃ የለም እላለሁ። ሰው ሲኒን ግጥም አያደርግም። እጃችን ራሱ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው። ውሃ፣ ስኳር የሌለው ቀጭን ሻይ፣ የተጠለለ መረቅ። ከዚያ ወተትና እርጎ፣ የተጠለለ ሾርባ፣ የፕሮቲን መጠጥ ይጨመራል። ይህ በብዙ ቦታ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። አንዳንዱ ሐኪም ያሳጥረዋል፣ አንዳንዱ ያስረዝመዋል። የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው የሚገዛው እንጂ የጎረቤት ልምድ አይደለም። ኢስታንቡል የተሠራችው ጓደኛዋ ደውላ «እኔ በሰባተኛው ቀን እንቁላል ፍርፍር በልቻለሁ» አለቻት። ወዳጄ ስልኩን ዘግታ አንድ ሰዓት ተቆጣች። በማን እንደተቆጣች አልጠየቅኳትም።

ወረቀቱ ያልጠራቸው ምግቦች

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ሁለት ገጽ ነው። ከውጭ አገር የተወሰደ መሆኑ ያስታውቃል። ጄሎ ይላል። ስኳር የሌለው የበረዶ ከረሜላ ይላል። ጄሎን ስንፈልግ ጊዜ ባናጠፋ ጥሩ ነበር። ጄሎ ማለት በጀላቲን የረጋ ጣፋጭ ነው። ጀላቲን ደግሞ ከአሳማ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው። ከአሳማ ከሆነ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ቤት አይሆንም። አጥሚት የሚል ቃል ግን ሁለቱም ገጽ ላይ የለም። አብሽ የለም። አሬራ የለም። ምስር የለም። ቤተሰብ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ባዶ ቦታ የሚሞላው በሚያውቀው ነው።

የሚያውቀውም አራስን ማጠንከር ነው። የእኛ ወጥ ቤት ፈሳሽ ምግብ ሞልቶታል፤ ግን አብዛኛው የተፈጠረው ሰውን ለማፋፋት ነው። አጥሚት ለአራስ ነው። ቅቤ የዋኘበት መረቅ አጥንቱ ለተሰበረ ነው። ዓላማቸው በጥቂት ፈሳሽ ብዙ ጉልበት ማስገባት ነው። ለአራስ ያማረው ነገር ለወዳጄ ተቃራኒ ሆነ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ካሎሪና 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ከ110 ካሎሪ በላይ ነው። አንድ ኩባያ ቀጭን አጥሚት ውስጥ ካለው አጃ የሚገኘው ፕሮቲን ግን ሁለት ሦስት ግራም ቢሆን ነው።

ፕሮቲኑ ነው ቁም ነገሩ። በዚህ ጊዜ ሰውነት የሚገባለት ምግብ ጥቂት ስለሆነ ራሱን መብላት ይጀምራል። ስብ ብቻ ቢበላ ደግ ነበር። ጡንቻም ይበላል። ስፌቱም የሚድነው በፕሮቲን ነው። ስለዚህ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ይባላል፤ እስከ 80 የሚሉም አሉ። ከሦስተኛው ወር በኋላ ፀጉር ሲረግፍ ብዙ ሴቶች ይደነግጣሉ። የተወሰነው ከክብደቱ ፍጥነት የሚመጣና የሚመለስ ነው። ፕሮቲንና አይረን ያጓደለ ሰው ላይ ግን ይብሳል።

60 ግራም በግማሽ ሲኒ እንዴት ይሞላል? ወዳጄና እኔ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አውጥተን ደመርን። ግማሽ ሊትር ወተት 16 ግራም ያህል አለው። አራት የሾርባ ማንኪያ ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ሲበጠበጥበት ሌላ 10 ይጨምራል። አንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ አንድ ማንኪያ የፕሮቲን ፓውደር፣ ያ ከቆርቆሮው ጋር የሚመጣው ትልቁ ማንኪያ፣ 28 ያህል ይሆናል። ትንሽ እርጎ ሲጨመር 60 ገባ። ያለ ፓውደሩ ይከብዳል፤ ግን የዱቄት ወተትን የናቀ ተሳስቷል። ፓውደሩ ከውጭ ነው የሚገባው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የቆርቆሮው ዋጋ ፋርማሲ ላይ ሲነገር ሰው ዞር ብሎ በር በር ያያል።

አንድ የሚያስቀኝን ነገር ልንገራችሁ። አብዛኛው ያ ውድ ፓውደር ምንድን ነው ብትሉ አጓት ነው። አይብ ሲወጣ የሚቀረው፣ እናቶቻችን ለውሻ የሚያፈሱት አጓት። ደርቆና ተጣርቶ ቆርቆሮ ውስጥ ሲገባ ክብሩ ይለወጣል። እትዬ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ እኔ በጀሪካን አመጣላት የለም እንዴ?» አሉ። አይሆንም። የቤቱ አጓት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ፕሮቲኑ አይቡ ውስጥ ቀርቷል። ለመጠጥነት ግን አይከፋም፣ ወተቱ የተፈላ ከሆነ። ጥሬ ወተት፣ ከጥሬ ወተት የተናጠ አሬራም ሆነ እርጎ፣ በዚህ ጊዜ በፍጹም። ከጥሬ ወተት ብሩሴላም የሳንባ ነቀርሳም ሊመጣ ይችላል። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው ደግሞ እርጎ ይሻለዋል፤ ላክቶሱ፣ ማለትም የወተቱ ስኳር፣ በከፊል ተበልቶለታል።

ለእትዬ አጥሚት የሆነ መፍትሔ ግን አገኘን። እሳቸውን ባዶ እጃቸውን መመለስ ከኦፕራሲዮኑ የከፋ ነበር። ቅቤው ወጣ። ማሩ ወጣ። አጃው ቀጠነ፣ በማጥለያ ሁለቴ ተጠለለ፣ በወተት ተፈላ፣ የዱቄት ወተት ተጨመረበት። ወዳጄ ግማሽ ሲኒ ቀምሳ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሻይ ቤት የሚሸጥ የአጃ ውሃ አስመሰላችሁት» አሉ እትዬ። ግን በማግስቱ እንደዚያው ሠርተው አመጡ።

መረቁም እንዲሁ ነው። ከተፈላ በኋላ ፍሪጅ ገብቶ ያድርና ላዩ ላይ የረጋው ስብ በማንኪያ ይነሣል። ቃሪያና በርበሬ የለውም። መረቅ ጨውና ሙቀት ይሰጣል፤ ፕሮቲን ግን ብዙ የለውም። «የአጥንት መረቅ ስለጠጣች ጠገበች» የሚባለው ራስን ማታለል ነው። ተልባ ደግሞ ውሃ ሲነካው ንፍት ይላልና ያልተጠለለ ከሆነ ይቆይ።

ስፕሪስ ሌላው ወጥመድ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትወጡ አንዱ ጁስ ቤት ገብታችሁ ብርጭቆውን ተመልከቱት። ታች አቮካዶ፣ መሃል ማንጎ፣ ላይ ፓፓያ፣ ከዚያ ስኳር ወይም ቪምቶ። ፈሳሽ ነው፤ የሚበላው ግን በማንኪያ ነው። አንድ መካከለኛ አቮካዶ ብቻውን ከ240 እስከ 320 ካሎሪ አለው። ባይፓስ የተሠራ ሰው ላይ ደግሞ ስኳሩ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ስኳሩ ቀጥታ አንጀት ውስጥ ዱብ ሲል ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ይከተላል። ሐኪሞች ዳምፒንግ ይሉታል። የደረሰበት ሰው ሁለተኛ አይደግመውም። ስሊቭ ላይ ይህ ነገር ያን ያህል አይጠነክርም፤ ስለዚህ ስሊቭ የተሠራ ሰው በስፕሪስና በለስላሳ ቀስ እያለ ወደ ድሮው ክብደት መመለስ ይችላል። ጨጓራው ጠባብ ቢሆንም ጁስ አይታገድም፤ ሰተት ብሎ ያልፋል።

ቡናው ላይ አልቆይም፤ እኔንም ያመኛል። ብዙ ሐኪሞች ለአንድ ወር ገደማ ይከለክላሉ። ወዳጄ አቦሉ ሲወርድ መስኮት ዳር ትሄድ ነበር።

«በሞቴ»

ወዳጄ ኦፕራሲዮኑን ለሦስት ሰው ብቻ ነው የነገረችው። ለቀረው ሰው «ጨጓራዬን ታምሜ ነው» ነው መልሷ። ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ምክንያቱም ይገባኛል። እዚህ አገር «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» የሚለው ምርቃት ገና አልሞተም። «በአቋራጭ ከሳች» የሚለው ሐሜትም ገና ተወልዶ ማደጉ ነው። አንዲት ሴት በሁለቱ መሃል መቆም ይጠበቅባታል።

ምስጢሩ ግን ዋጋ አለው። ጨጓራዋን ለታመመች ሰው ሁሉም መድኃኒት ያውቃል። አንዱ አብሽ በማር፣ አንዱ የኤች ፓይሎሪ መድኃኒት ስም በወረቀት፣ አንዷ «ባዶ ሆድ ስለሆንሽ ነው፤ ትንሽ እንጀራ ነገር ቅመሺ»። የሥራ ባልደረባዋ በስምንተኛው ቀን ዶሮ ይዛ መጣች። ጠቀለለችና እጇን ዘረጋች። «በሞቴ!» አለች። ጉርሻ በአየር ላይ ሲቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ጸጥታ በጣም ረጅም ነው። እኔ ገብቼ ጎረስኩት። ዶሮው ጥሩ ነበር።

የቀዶ ሕክምና ቡድን ውስጥ የምግብ ባለሙያ አለ ይባላል፤ መኖርም አለበት። የምግብ ባለሙያው ግን የሚያናግረው ታካሚዋን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የታመመ ሰው ራሱ ምግቡን አይሠራም። እህት ናት የምትሠራው፣ እናት ናት፣ አክስት ናት፣ ተመላላሽ ሠራተኛዋ ናት። ያ የአሥር ደቂቃ ምክር ጨጓራዋን ለተሠራችው ሳይሆን ድስቱን ለያዘችው ቢሰጥ ብዙ ፔርሙዝ በከንቱ ደረጃ አይወጣም ነበር ባይ ነኝ።

የስንብት ክትፎውም የዚሁ ወገን ነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባለው ሳምንት ዘመድ ወዳጅ «ከእንግዲህ አትበላም» ብሎ ይጋብዛል። ወዳጄ በአምስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጋብዛ ነበር። ሐኪሞች ግን ብዙ ጊዜ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ላለው ሁለት ሳምንት ካሎሪው የተመጠነ፣ በአብዛኛው ፈሳሽ የሆነ ምግብ ያዝዛሉ። ምክንያቱ ጉበት ነው። ወፍራም ሰው ላይ ጉበቱ ስብ ይዞ ያብጣል። ጨጓራውን ከላይ ሸፍኖት ስለሚተኛ ካሜራውና መሣሪያው እንዳይገቡ ያስቸግራል። በዚያ ሁለት ሳምንት ጉበቱ ይቀንሳል። ክትፎው ተመልሶ ያሳብጠዋል።

ጉሉኮስ ከመሰካቱ በፊት

በአሥረኛው ቀን ወዳጄ ደከመች። ሁለት ቀን ሙሉ ያስመልሳት ነበር። ሽንቷ ጠቁሯል። ሰፈር ውስጥ ያለ ክሊኒክ ወሰድናት። ነርሷ አይታት «ድርቀት ነው፤ ጉሉኮስ እንሰካላት» አለች። አዲስ አበባ ውስጥ ለድካም ጉሉኮስ እንደ ሻይ ነው የሚታዘዘው። ያን ቀን ዕድል ረዳን፤ ስልክ ላይ ያገኘነው የሠራት ሐኪም «ቆዩ፣ መጀመሪያ ቢ1 ትውሰድ» አለ።

ይህ ነገር ብዙ ቤት ውስጥ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሰፋ ላድርገው። ቫይታሚን ቢ1፣ ታያሚን የሚባለው፣ ሰውነት ውስጥ የሚከማቸው ለሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ብዙ ያልበላና በላዩ ላይ የሚያስመልሰው ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል። ሰውነት ስኳርን ወደ ጉልበት የሚለውጠው ደግሞ በዚሁ ቫይታሚን ነው። ጉሉኮስ ብቻውን በደም ሥር ሲገባ የቀረችውን ጥቂት ቢ1 አሟጦ አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። ምልክቱ መቀባዠር፣ ዓይን መንቀጥቀጥ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ነው። ቶሎ ካልታከመ የማይመለስ ጉዳት ይተዋል። መከላከሉ ግን ርካሽ ነው፤ ቢ1ን ከጉሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ በመርፌ መስጠት። እና ለየትኛውም ክሊኒክ፣ ምስጢር ይሁንም አይሁን፣ «የጨጓራ ኦፕራሲዮን ካደረግኩ ይህን ያህል ቀን ሆኖኛል» ብሎ መናገር። ካርድ ክፍል ጎረቤት ተሰልፋ ብትሆን እንኳ።

ሌሎቹ ምልክቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው። የልብ ምት ተቀምጠው ሳለ በደቂቃ ከ120 በላይ ሲሆን፣ ትኩሳት ሲኖር፣ የሆድ ሕመሙ እያደር ሲጠነክር፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ሲያም፣ ውሃ እንኳ አንድ ቀን ሙሉ አልቀመጥ ሲል። እነዚህ ሲመጡ የሚኬደው ወደ ሰፈር ክሊኒክ ሳይሆን ወደ ተሠሩበት ሆስፒታል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትከሻ ላይ የሚሰማው ሕመም ብዙውን ጊዜ ሆድ ለመንፋት ከገባው ጋዝ ነው፤ በእግር ሲንቀሳቀሱ ይለቃል። ትኩሳትና ፈጣን የልብ ምት ይዞ የሚመጣ የትከሻ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው።

ውጭ አገር የተሠራ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። ሐኪሙ ኢስታንቡል ነው፤ ስፌቱ ካዛንቺስ ነው። ቢያንስ የተሠራውን ዓይነትና ቀን የሚገልጽ ወረቀት ይዞ መምጣት፣ ከመሄዱ በፊትም እዚህ የሚከታተለው ሐኪም መያዝ አለበት።

ጾሙ ላይ ክርክር ነበረን። ወዳጄ የተሠራችው ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። 55 ቀን ያለ ወተት፣ ያለ እርጎ፣ ያለ ያ አጓት። የነፍስ አባቷ አልተከራከሩም። «የታመመ አይጾምም፤ ስትድኚ ትጾሚያለሽ» ብለው ጨረሱት። ክርክሩ ከእናቷ ጋር ነበር። በኋላ ላይ መጾም የሚፈልግ ሰው የአኩሪ አተር ወተት፣ በደንብ የተፈጨ ምስርና ሽምብራ አለለት። የአኩሪ አተር ወተት አንድ ብርጭቆ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ውሃ የማይቀመስበት የረመዳን ጾም ግን ከባድ ነው። 1.7 ሊትር በግማሽ ሲኒ የሚገባው ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ ነውና፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይሞከርም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወረቀቱ «የተፈጨ ምግብ» ይላል፤ በምሳሌነት የተጻፈው ተርኪ የሚባለው የፈረንጅ ወፍ ሥጋ በብሌንደር ነው። እዚህ ላይ እትዬ ሳቁ። ሽሮ ነበራቸዋ። ቀጠን ያለ፣ በርበሬው የተቀነሰ፣ ዘይቱ በጠብታ። ሽሮ ማንም ሳያዝዝ ተፈጭቶ የተወለደ ምግብ ነው። በሻይ ማንኪያ አራት ጊዜ ቀመሰችና ማንኪያውን አስቀመጠች።

«በቃሽ?» አሉ እትዬ።

«በቃኝ እትዬ።»

ሳህኑን አዩት። እሷን አዩ። እንጀራ ሊያወጡ ሞሰቡን ከፍተው ነበር፤ መልሰው ገጠሙት። እንጀራና ዳቦ እዚያች ጠባብ ቱቦ ውስጥ ሊጥ ሆነው ስለሚጣበቁ ሐኪሙ ገና ሁለት ወር ይቆዩ ብሏል። እትዬ ቀኑን ጠየቁኝና በጣታቸው ቆጠሩ።